ከአሱር በፊት የሚያልቅ ጨዋታ

...ወይስ ዝም ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይከሰዋል፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላው ልብስ ሰፊ ቅዳሜ ጠዋት የሰው ደረጃ እየወጣ እባካችሁ ከእናንተ ጋር ልጫወት ሲል የት አገር ታይቶ ያውቃል፣ ግን ወርቅዬ ተናግራለች፣ ሚስቱ ወርቅዬ ደግሞ አንዴ ከተናገረች የልብስ ስፌት መኪናው ሳይቀር ቆሞ ይሰማታል። ወይ ሰው መሀል ግባ፣ ወይ ዕቃውን ለባለቤቶቹ መልስ፣ እዚህ በረንዳ ላይ ከጨርቅ ጋር ስታወራ ማየት ሰልችቶኛል አለችው ቁርሱን እያቀረበች። ከጨርቅ ጋር። ውሸቷን አይደለም። ትናንት የሰው ጋቢ ጠርዝ እየዘመዘመ፣ ምነው ዘገየህ፣ አንሳ እንጂ፣ ብሎ ድምፁን አውጥቶ ተናገረ፣ ባለጋቢዋ ሴትዮ ደንግጣ ዘንቢሏን አነሳች፣ ወርቅዬ ከውስጥ ሆና አየች፣ ያን ጊዜ ምንም አላለችም፣ ወርቅዬ ነገር አሳድራ ነው የምትናገር።

እናም ይኸው ይሄዳል ደምመላሽ፣ ከሸማ ተራ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ የሰኔ ጭቃ ጫማውን እየጎተተው፣ ጥቅሉን ካፖርቱ ሥር በብብቱ ሸጉጦ፣ የሰረቀ ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው፣ ዞር በሉ ይላል ከኋላው አንድ ተሸካሚ የቡሉኮ ክምር አናቱ ላይ ቆልሎ፣ ዞር ይላል፣ ሰው ሁሉ ዞር በል እያለው እንደሆነ ይሰማዋል። ጥቅሉ ውስጥ ቀይ ጨርቅ አለ፣ የሰንጠረዥ ሰሌዳ፣ ስምንት በስምንት፣ መስመሩን በጥቁር ጥብጣብ እየለካ የሰፋው እሱ ራሱ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በጨርቁ ውስጥ ደግሞ ሠላሳ ሁለት የቀንድ ጠጠር። እነሱ የእሱ አይደሉም፣ የሙነወር ናቸው፣ ሙነወር ከወሎ ሲመጣ ከአባቱ ቤት በኪስ ቋጥሮ ያመጣቸው፣ አንዱ ጨርቅ አለው፣ ሌላው ጠጠር አለው፣ ለብቻ ለብቻ ምንም ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከዙህር ሶላት እስከ አሱር ሶላት፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለችው የሙነወር የቅመም ሱቅ፣ በቆረሪማና በጥቁር አዝሙድ ጆንያ መሀል። ሥጋ አብረው በልተው አያውቁም፣ አንዱ የሌላውን እርድ አይቀምስም፣ እዚያች ቀይ ጨርቅ ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ንጉሥ ሲገድል ኖረ፣ ሲጨርሱ ተምር ተካፍለው ይበላሉ፣ የተሸነፈው ፍሬውን ይለቅማል፣ ሙነወር ሲለቅም እያንጎራጎረ ነው።

አሁን አያንጎራጉርም።

ሰው የሚያውቀው ነገር የለም፣ ወርቅዬ እንኳ ሐዘን ነው ብላ ነው የምታስበው፣ ሐዘን ቢሆንማ ምን ገዶት፣ ሐዘን ሲያለቅሱት ይወጣል፣ የእሱ ግን ሌላ ነው፣ የእሱ ያ ሐሙስ ነው፣ ዛሬ ሃምሳ አንድ ቀኑ። ሙነወር ሰሌዳው ፊት ሲቀመጥ እጁን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ ዛሬ ትንሽ ከብዶኛል አለ፣ ደምመላሽ ሳቀ፣ ምክንያቱም ሙነወር ተንኮለኛ ነበር፣ ጥሩ ነገር ሲያስብ ያስላል፣ ክፉ ሲገጥመው ስለ በርበሬ ማውራት ይጀምራል፣ ደረቴ ሲል ደግሞ አዲስ ዘዴ አወጣ ብሎ ሳቀ። ጨዋታው ሄደ ሄደና አሱር ሳይጠራ ነገሩ አለቀ። አለቀ ማለት ለደምመላሽ አለቀ፣ ደሩ፣ ያ ከማዕዘን ተነስቶ በቀጥታ መስመር የሚጋልበው ትልቁ ጠጠር፣ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር፣ አንድ ጊዜ አንስቶ እመጨረሻው መስመር ላይ ቢያስቀምጠው ማት ነው፣ የሙነወር ንጉሥ መሄጃ የለውም፣ እንደ መርፌው ቀዳዳ አጥርቶ ነው ያየው። እና ተወው። እያየ ተወው። ምክንያቱም በቆየው ደንብ በደር መግደል ነውር ነው፣ ጉልበተኛ ዱላ አንስቶ ሽማግሌ እንደመታ ያህል ነው፣ ክብር ያለው ገዳይ በመደቅ ነው የሚገድለው፣ በዚያች በትንሿ እግረኛ፣ አንድ አንድ እርምጃ እያስጠጋ፣ ንጉሡን እያዋከበ፣ ተመልካቹ እያጨበጨበ። ያን ቀን ሦስት ጎረቤቶች ቆመው ያዩ ነበር። በሦስት ጎረቤት ፊት በደር ልግደል እንዴ፣ አለ ደምመላሽ ለራሱ፣ እና መደቋን አነሳ።

አሱር ተጠራ፣ ሙነወር መስጊድ አልሄደም፣ እዚያው ጆንያው አጠገብ ሰግዶ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ማት ሳይባል መነሳት ለእሱም ነውር ነው፣ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፣ ደምመላሽ ላቡን አየ፣ ላቡንም እያየ ተወው። መግሪብ ሊጠራ ሲል በመደቅ ገደለው። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። ሙነወር ፊቱ አመድ መስሎ ፈገግ አለና የተምሩን ፍሬ ለቀመ፣ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሲነጋ ሞተ ተባለ።

ሁለት ሰዓት ተኩል። መደቋ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀች።

ከዚያ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ ክር ሊያስገባ ሲል፣ ከጨርቁ ላይ ጠጠር ሊያነሳ ሲል፣ ልብስ ሰፊ እጁ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ምን ቀረው፣ ወርቅዬ ክሩን እያስገባችለት ይሰፋል፣ እንደ ሕፃን። እሱ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰሌዳ፣ ከፊቱ አንድ ሰው፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ አንድ ጨዋታ ጀምሮ መጨረስ። ያ ከሆነ ይድናል ብሎ ያምናል፣ ያ ካልሆነ ምን እንደሚሆን አላሰበውም፣ አስቦታል፣ ግን ቶሎ ብሎ ሌላ ነገር ያስባል።

ድልድዩ ጋ፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ የእንጨት ደረጃ፣ ቼዝ ክለብ የሚል ሰሌዳ በሰማያዊ ቀለም፣ አንድ ደንበኛ ነው የነገረው፣ ማንም መግባት ይችላል ብሎ። ይወጣል። በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚገጥመው ዝምታው ነው፣ አሥር ሰው በየጠረጴዛው ተጎንብሶ አንድ ድምፅ የለም፣ ሰው ሞቶ ይሆን እንዴ፣ ሰንጠረዥ እኮ የሚያየው ሁሉ ካልጮኸበት፣ ያንን አንሳ ይሄንን ጣል ካላለው ጨዋታ አይደለም፣ እዚህ ግን ፈተና ቤት ነው። ሰሌዳው ራሱ ጥቁርና ነጭ፣ ዓይን ያምታታል። አንድ ሠላሳ ምናምን የሚሆነው ባለክራቫት ባለመነጽር ሰው ይነሳል፣ የክለቡ ጸሐፊ ከተማ እባላለሁ፣ ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ይጫወታሉ? ትንሽ ትንሽ፣ ይላል ደምመላሽ። ትንሽ ትንሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ከተማ ጠጠሮቹን ይደረድርና ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ለማስቀመጥ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ሲል ደምመላሽ ስድስት ጠጠር አንቀሳቅሷል። አራት መደቅ፣ ሁለት ፈረስ። ሰባተኛው እጁ ላይ ነው። ጋሼ፣ ይላል ከተማ ቀስ ብሎ፣ ተራ አለን እኮ። ከኋላ አንዱ ይስቃል፣ ከዚያ ሁለት፣ ዝምተኞቹ ሁሉ ለካ ሳቅ ይችላሉ፣ የደምመላሽ ጆሮ ይግላል፣ ያስረዳል፣ በእኛ ደንብ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም ወገን እንደ ልቡ ሠራዊቱን ያሰልፋል፣ ያንተን እያየሁ የኔን፣ የኔን እያየህ ያንተን፣ እጅ በእጅ ላይ ነው፣ ወረራ ይባላል፣ ሙነወር በወረራ ጊዜ እጁ እንዴት እንደሚፈጥን ቢያዩት። ሙነወር ማነው፣ አይልም ከተማ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ወረራ እዚህ ቀርቷል ጋሼ ብቻ ይላል፣ ስድስቱን ጠጠር አንድ ባንድ ወደ ቦታቸው እየመለሰ።

በተራ ይጫወታሉ። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ፣ በእነሱ ደንብ አንድ እርምጃ በሰያፍ የሚራመድ ምስኪን፣ እዚህ ንግሥት ሆኖ እንደ እብድ ከጥግ ጥግ ይሮጣል፣ ማን ፈቀደለት፣ ደምመላሽ ይህን ሲያይ ያን ይስታል፣ ደሩን ደግሞ ግንብ ነው የሚሉት፣ የከተማ ግንብ ከወዲያ ማዶ ተነስቶ እመጨረሻው መስመር ላይ ቂብ ይላል፣ ማት ይላል ከተማ፣ አለቀ። ደምመላሽ ይጠብቃል። አንድ ሰው እንዲያፍር ይጠብቃል፣ ከተማ ራሱ፣ ወይ ከጎኑ ያሉት፣ በግንብ ገደልክ እንዴ እንዲሉት። ማንም ምንም አይልም። ከተማ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ሩብ ሰዓት አልሞላም። እኛ እስከ ማታ ክፍት ነን፣ አስበውበት ይመለሱ ይላል በደጉ፣ ደምመላሽ አመሰግናለሁ ብሎ ደረጃውን ሲወርድ ከላይ ሳቅ የሰማ ይመስለዋል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ቤት ሊሆን ይችላል።

ሞቼ ነው የምመለሰው። ተራ አለን እኮ። ተራ ያለው ዳቦ ቤት ነው።

እንግዲህ ሌላ ቦታ፣ የሚያውቀው፣ ከመጀመሪያውም እዚያ መሄድ ነበረበት፣ ድልድይ ለድልድይ ምን አንከራተተው፣ የእትዬ ሸዋርካብሽ ጠጅ ቤት ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ሽማግሌዎቹ የቆየውን ሰንጠረዥ ይጫወታሉ፣ ወረራው ወረራ ነው፣ ጩኸቱ ጩኸት ነው፣ እዚያ እጁ ሥራውን ያስታውሳል። ጭቃውን እየዘለለ ይገባል፣ ገና ከበሩ፣ እሰይ፣ የሸማ ተራው ደምመላሽ መጣልን ይላል አንድ ድምፅ፣ አግዳሚው ላይ ቦታ ይለቀቅለታል፣ እትዬ ሸዋርካብሽ ራሷ ብርሌ ይዛ ትመጣለች፣ እዚህ ሰው ነው፣ እዚህ ስም አለው፣ ካፖርቱን ይፈታል፣ ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ ያኖራል፣ ደረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ይለዋል።

የጓሮው አውራ ኃይለየሱስ ነው፣ በወጣትነቱ የአንድ ራስ ጠመንጃ ያዥ የነበረ፣ ነጭ ጢሙን እያሻሸ የሚጫወት፣ ደምመላሽን ሳያይ ጨዋታውን እያየ ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ይናገራል። ይህን ሰው እዩት፣ ይላል፣ በመደቅ ገዳይ ማለት እሱ ነው፣ ያንን እስላም ወዳጁን እንዴት እንደሸኘው ሰምታችኋል፣ ሰውየው ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ በመደቅ። ወደ ላይኛው ቤት በክብር ሸኘው።

ብርሌው ከደምመላሽ ከንፈር ላይ ይቆማል። ሰምተዋል። ሦስቱ ጎረቤቶች አውርተዋል፣ መርካቶ ምን ይደበቃል፣ አውርተዋል እና ወግ ሆኗል፣ የጀግና ወግ፣ ይስቃሉ፣ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፣ ጎበዝ፣ አንድ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ እንዲህ ነው እንጂ ይለዋል።

ኃይለየሱስ ፊት የተቀመጠው አንድ ሸማኔ ነው፣ ስሙን አያውቀውም፣ ሸማኔነቱን ከጣቱ ነው ያወቀው፣ ጠጠሮቹ አልቀው ንጉሡና አንድ ፈረስ ብቻ ነው የቀረው፣ ሊሄድ ይፈልጋል፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው፣ ልጄን ትቼ ነው የመጣሁ ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም አይሰማውም፣ ያዘው፣ አባረው፣ በመደቅ፣ በመደቅ እያለ ሰዉ ይጮሃል፣ ኃይለየሱስ ጢሙን እያሻሸ መደቋን አንድ እርምጃ ያስጠጋታል፣ አይቸኩልም፣ ደሩ ከማዕዘኑ ላይ ቆሟል። መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ደምመላሽ ያየዋል፣ ኃይለየሱስም እያየው ነው፣ የሚያይ ሰው ዓይን ያስታውቃል፣ ለአፍታ እዚያ ላይ ያርፍና ይመለሳል፣ የራሱም ዓይን ያን ቀን እንዲህ ነበር፣ ለአፍታ አርፎ ተመለሰ፣ እንግዲህ ከውጭ ሲታይ ይህን ይመስላል፣ እኔን ይመስላል፣ የሸማኔው ግንባር ላይ ላብ አለ፣ በዚህ ብርድ ላብ።

ደሩን። ማን ነው የተናገረው፣ እሱ ነው፣ በደሩ ጨርሰው፣ ሰውየው ይሂድበት።

ኃይለየሱስ ጢሙን ማሻሸት ያቆማል፣ ምን አልክ፣ ይላል፣ አንተ ነህ ይህን የምትለኝ፣ ወዳጅህን እንደሱ አድርገህ ብትገድለው ኖሮ ዛሬ እዚህ ማን ቦታ ይለቅልህ ነበር?

ማንም፣ ይላል ደምመላሽ። ብርሌውን አግዳሚው ላይ ያስቀምጣል፣ ጠጁ ይፈሳል፣ ይነሳል። ከበሩ ሲደርስ ከበስተኋላው ጩኸቱ ይቀጥላል፣ በመደቅ፣ በመደቅ፣ ሸማኔው ቀና ብሎ አያየውም። ከአንዋር በኩል ዙህር ይጠራል።

ቀረኝ አንድ ቦታ። ቦታ አይደለም፣ በር ነው፣ ሃምሳ አንድ ቀን ሲሸሸው የከረመ በር፣ በለቅሶው ሰሞን ከሰው መሀል ሆኖ ገብቶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ስንት ጊዜ ዞረ፣ ጠሂራ ዓይኑን ካየች ታውቃለች፣ የሙነወር ሚስት ሞኝ አይደለችም፣ ታዲያ ብታውቅስ፣ ትወቅ፣ ዕቃዋን ይመልስና ትወቀው፣ እግሩ ይሄዳል፣ በቅመም ሱቆቹ መሀል፣ ከዙህር በሚመለሰው ሰው መሀል፣ የሙነወር ሱቅ ተዘግታለች፣ በሯ ላይ የሌላ ሰው ጃንጥላ ተዘርግቷል።

ጠሂራ ግቢዋ ውስጥ አዝሙድ እየነፋች ነው፣ ወንፊቱን ታስቀምጣለች፣ አትደነግጥም፣ ጋሼ ደምመላሽ፣ ትለዋለች፣ ይመጣሉ እያልኩ ነበር፣ ዱካ ታቀርብለታለች፣ ውኃ። ጥቅሉን ይሰጣታል። እግሯ ሥር ትፈታዋለች፣ ጠጠሮቹን በእፍኟ እያነሳች ወደ ቀሚሷ ታፈሳለች፣ ቀይ ጨርቁን አጥፋ፣ ይህ የእርስዎ ነው ብላ ትመልስለታለች፣ እጇ አይንቀጠቀጥም።

ጠሂራ፣ ያን ቀን፣ ይላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ሃምሳ አንድ ቀን ሲያዘጋጀው ከረመ፣ አሁን አንድ ቃል የለም፣ ያን ቀን እኔ። ደሩን ነው፣ ትላለች ጠሂራ።

ቀና ይላል።

አውቃለሁ፣ ትላለች፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው የነገረኝ፣ ሁሌም ይነግረኝ ነበር፣ ሐሙስ ማታ ስለ ጠጠር ሳልሰማ በልቼ አላውቅም። ደምመላሽ ደሩን አየ፣ እኔም አየሁት፣ እያየ ተወልኝ፣ በሰው ፊት አላዋረደኝም፣ አከበረኝ አለ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። እየሳቀ።

ደስ ብሎት። ደምመላሽ የሚሰማው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳ ይመስላል፣ ይቅር ተባልኩ እንዴ፣ እሱም አይቶት ነበር፣ ሁለቱም እያዩት ነው የተጫወቱት፣ ሁለት ሽማግሌ አንድ ክብር ይዘው፣ ሊያለቅስ ነው፣ ግን ጠሂራ አልጨረሰችም። ወንፊቷን አንስታ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ወንድሙ ባህረዲን በአሱር መጥቶ ነበር አይደል፣ ትላለች።

መጥቶ ነበር። አዎ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ የመኪና ቁልፍ በእጁ፣ ደምመላሽ አራተኛ ተመልካች መጣ ብሎ ነበር፣ እንዲያውም፣ እግዚኦ፣ እንዲያውም፣ ና ቁጭ በልና እይ ብሎት ነበር።

ሐኪም ቤት ሊወስደው ነው የመጣው፣ ትላለች ጠሂራ፣ ጠዋት ደረቱን ሲያመው እኔ ነኝ የላክሁበት፣ ታክሲውን ሥራ አስፈትቶ ነው የመጣው። ቆይ አሁን ያልቃል አለው ሙነወር። ቆመ፣ ቆመ፣ ሄደ። አሁን ያልቃል ነው ያለው።

ከመስጊዱ ጣሪያ ርግቦች ይነሳሉ፣ ዞረው እዚያው ይቀመጣሉ፣ ደምመላሽ እነሱን ያያል፣ ፊቷን እንዳያይ።

እሱ ክብር ነው ብሎ ሞተ፣ እኔ ደግሞ ውሸት ነው ብዬ አልነሳውም፣ ትላለች። ግን እኔን ከጠየቁኝ ጋሼ ደምመላሽ፣ ክብሩ ይቅርብኝ ነበር። በደሩ አዋርደው በአሱር ቢሰዱልኝ ነበር የምወደው።

ቁጣ የለባትም፣ ቢኖርባት ይሻለው ነበር። እስከ በሩ ትሸኘዋለች፣ ወርቅዬን ሰላም በሉልኝ ትላለች፣ በሩ ይዘጋል።

ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፣ ያውቃል። ጨርቁ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ባዶ ጨርቅ ምንም አይመዝን፣ ቆይ አሁን ያልቃል፣ ቆይ አሁን ያልቃል፣ እግሩ በዚህ ቃል ልክ ይረግጣል፣ ጋሪ ያልፈዋል፣ ጭቃ ይረጨዋል፣ አንዱ፣ አባቴ፣ ይጠንቀቁ ይለዋል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ጊዜ ነው የገደልኩት፣ አንዴ በመደቅ አንዴ፣ ተው፣ ተው አንተ ሰው፣ ይህንንም ወግ ልታደርገው ነው፣ ይህንንም ልታሳምረው ነው። አላሳምረውም። ወዳጄ ታሞ ነበር፣ እኔ እንዲያጨበጭቡልኝ ፈለግሁ። ይኸው ነው። ይኸው ነው፣ ድልድዩ ጋ ቆሞ ለራሱ ይደግመዋል፣ ልክ ነው፣ ሌላ የለውም።

የእንጨቱ ደረጃ። ሰማያዊው ሰሌዳ። ሲገባ ከኋላ የሚስቀው ሰው ጓደኛውን በክርኑ ይነካዋል፣ ያ ባለ ስድስቱ መጣ፣ ይሳቅ፣ ይሳቁ፣ ከተማ ይነሳል፣ መጡ ጋሼ፣ አሰቡበት? አስቤበታለሁ፣ ስሜን ጻፈው። ከተማ ደብተር ያወጣል፣ ስም ደምመላሽ፣ የአባት ስም፣ ሥራ ልብስ ሰፊ፣ ቀድሞ የተጫወቱበት ክለብ ይላል አንዱ መስመር፣ ደምመላሽ ያስባል፣ የቅመም ሱቅ በል ይለዋል። ከተማ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ይጽፈዋል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ይላል ደምመላሽ። እዚህ በደር፣ በግንብ መግደል ነውር ነው?

ለምን ነውር ይሆናል፣ ይላል ከተማ ግራ ገብቶት፣ ማት ማት ነው።

ማት ማት ነው። ይቀመጣል። ሁለት እጁን ጉልበቱ መሀል ይቆልፋል፣ በተራ፣ በተራ፣ ከተማ ያነሳል፣ እሱ ይጠብቃል፣ እሱ ያነሳል፣ መልሶ ይቆልፋል፣ መጠበቅ እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ነግሮት፣ ዝምታው ውስጥ የከተማ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ንግሥቲቱን አሁን ያያታል፣ ከየት እንደምትመጣ ያውቃል፣ ፈረሶቹ እንደዱሮው ናቸው፣ ይመስገነው ፈረስ የትም ፈረስ ነው፣ ከተማ ጠዋት ስላሸነፈ ልቡን ጥሎ ይጫወታል፣ አንድ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው፣ ንግሥቲቱን ያለ ጠባቂ ይተዋታል፣ ደምመላሽ በፈረስ ይወስዳታል፣ ኋላ ያለው ሰውዬ ሳቁን ያቆማል፣ ከተማ ክራቫቱን ላላ ያደርጋል፣ እና ይሄዳል ጨዋታው፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ይታየዋል። ይኸው። ግንቡ ከማዕዘኑ ላይ፣ መንገዱ ወለል ብሎ፣ የከተማ ንጉሥ መሄጃ የለውም።

እጁ ይነሳል። ወደ መደቋ ይሄዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደች እጅ፣ ራሷን ችላ ትሄዳለች፣ በመደቅም ይቻላል፣ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ይቻላል፣ ያምራል፣ ሦስት ሰው ከጀርባው ቆሟል፣ ያያሉ፣ ጣቱ የመደቋን አናት ሊነካ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከተማ ግንባሩን በመሀረብ ይጠርጋል።

ጣቱን ያነሳል። ግንቡን ይይዛል፣ ይገፋዋል፣ እስከ መጨረሻው መስመር።

ማት፣ ይላል ደምመላሽ።

የሚያጨበጭብ የለም። ከተማ ሰሌዳውን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፈገግ ይላል፣ ቀጥቅጠውኛል ጋሼ፣ አንድ እንድገም እንጂ፣ ጠጠሮቹን መደርደር ይጀምራል። ደምመላሽ እጁን በከተማ እጅ ላይ ጫን አድርጎ ያስቆመዋል። የራሱ እጅ ዝም ብላለች፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አያውቅም፣ አሁን ግን ዝም ብላለች፣ ደስታ ግን አልመጣም፣ ሲጠብቀው የነበረው መዳን አልመጣም፣ የመጣው ያን ሐሙስ ይህን ለማድረግ አንድ ትንፋሽ እንኳ እንደማይፈጅ ማወቅ ብቻ ነው።

ቤትህ የሚጠብቅህ ሰው አለ? ይለዋል።

ባለቤቴ አለች፣ ይላል ከተማ።

በል እንግዲያው ሂድ፣ ጨዋታው አልቋል፣ ወደ ቤትህ ግባ።

ከተማ ይስቃል፣ ቀልድ መስሎታል፣ ከዚያ ፊቱን ያየውና ሳቁን ይተዋል፣ ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንስቶ እጁ ላይ ያስራል፣ ኮቱን ይለብሳል። ደምመላሽ በመስኮቱ ቁልቁል ያየዋል፣ ደረጃውን ሲወርድ፣ ድልድዩን ሲሻገር፣ ክራቫቱን ሲያስተካክል፣ ሰው መሀል እስኪጠፋ ድረስ በዓይኑ ይሸኘዋል። በአንዋር በኩል ያለው ሰማይ ገና ብሩህ ነው። አሱር አልተጠራም።